የነቀምት ደጃፍ አበቦች ምን ይገድላቸዋል?

ጥቅምት ሲጋመስ ነቀምት ፀሐይ ታያለች። ከግንቦት ጀምሮ ሲያጥባት የከረመው ዝናብ አሁን አልፎ አልፎ ብቻ ብቅ ይላል። ከከተማው ወጣ ሲሉ ኑጉ አብቦ ሜዳው ቢጫ ሆኗል። ከአስፋልቱ ገባ ባለ አንድ መንደር፣ ከብረት በራቸው ጎን፣ ጡረታ የወጡ መምህርት ጎንበስ ብለው የፔቱኒያ መደባቸውን ያያሉ። መስከረምን ያደመቀው ወይን ጠጅና ነጭ አበባ ከአንዱ ጥግ መጠውለግ ጀምሮ ወደ መሀል እየገፋ ነው። ቅጠሉ ቢጫ አልሆነም፣ አልደረቀምም። አረንጓዴ እንደሆነ ተዝለፍልፏል።

“ዓይን ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል፣ አዴ!” ይላሉ ጎረቤታቸው ከአጥሩ ማዶ። “መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ሲያየው አልነበር?”

መምህርቷ ግን የጠረጠሩት ውሃ ጥም ነው። ስለዚህ ሰሞኑን ጠዋትም ማታም ሲያጠጡ ሰንብተዋል። ባጠጡ ቁጥር መጠውለጉ ባሰበት።

የቀድሞ ተማሪያቸው፣ አሁን በአንድ ወረዳ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ የሆነ ወጣት፣ ሰላም ሊላቸው ጎራ ብሎ ነበር። “ቲቸር፣ እስቲ አንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃና ቢላ ያምጡልኝ” አለ። ከተዝለፈለፉት አንዱን ከሥሩ ከፍ ብሎ ቆረጠ። የተቆረጠውን ጫፍ ውሃው ላይ ነካ አድርጎ፣ ግንዱን እንዳይነቃነቅ በጣቶቹ ይዞ ዝም አለ። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ከተቆረጠው ጫፍ ቀጭን ነጭ ክር የመሰለ ነገር ቁልቁል ወደ ብርጭቆው ታች መውረድ ጀመረ። ወተት የተንጠባጠበበት ይመስላል።

“ባክቴሪያ ነው፣ ቲቸር። አምና እዚህ ቦታ ላይ ምን ነበር?”

“ቲማቲም። እሱም እንዲሁ ጠውልጎ ነው የቀረው።”

ነገሩ እዚህ ላይ ተፈታ። ሳይንቲስቶች ራልስቶኒያ የሚሉት ይህ ባክቴሪያ አፈር ውስጥ ይኖራል። በሥር ቁስል በኩል ይገባና ተክሉ ውሃ በሚስብባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ እየተራባ ይደፍናቸዋል። ድንችን፣ ቲማቲምን፣ በርበሬን ይመታል። እ.ኤ.አ. ከ2012 ገደማ ጀምሮ በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የዝንጅብል ማሳዎችን ያጠፋውም እሱ ነው። ፔቱኒያ ደግሞ በዘሩ የቲማቲምና የድንች ዘመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ከኬንያ ወደ አሜሪካ በተላኩ የጄራኒየም ቁርጥራጮች ውስጥ አንደኛው ዓይነት ሲገኝ የአሜሪካ መንግሥት በየችግኝ ቤቱ አበባ እያስነቀለ አስወግዷል። ሥጋቱ ለድንች ማሳው ነበር።

መድኃኒት የለውም። የታመመውን ከነሥሩና ከያዘው አፈር ጋር አንስቶ ማቃጠል፣ ቢላውን በበረኪና ማጠብ፣ ያንን መደብ ለዓመታት ከቲማቲም፣ ከድንች፣ ከበርበሬና ከፔቱኒያ ማራቅ ነው ያለው ዘዴ። ቦታውን የነካውን ዶማና ጫማ ሳያጥቡ ወደ ሌላ መደብ አለመሄድ ደግሞ አብዛኛው ሰው የሚዘነጋው ነው።

> ውሃ መሀል ቆሞ በጥም ለሚሞት ተክል ተጨማሪ ውሃ ምን ይረባዋል?

ቡናን የሚያውቅ ሰው አበባ ላይ ለምን ይታወራል?

የወለጋ ሰው ለተክል በሽታ እንግዳ አይደለም። ለቀምት በሚል ስም በዓለም ገበያ የሚሸጥ ቡና የሚያመርት አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ የታየው የቡና ፍሬ በሽታ በአንድ ክረምት ማሳ ባዶ ሲያስቀር ያዩ አባቶች፣ አረንጓዴ ፍሬ ላይ ጥቁር ጠባሳ ሲያዩ ሁለተኛ ሰው አይጠይቁም። የጊምቢ ወይም የደምቢ ዶሎ ገበሬ በቆሎው ከርቀት ሲታይ ዩሪያ እንደጎደለው ወይም ትል እንደገባበት ይነግራችኋል። የደጃፉ አበባ ሲጠወልግ ግን ይኸው ሰው “ዋግ መታው”፣ “ብርድ ነው”፣ “ዓይን በላው” ብሎ ያልፋል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። አበባ ገንዘብ አያመጣም። ባኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል በበቆሎ ይታወቃል፤ አምቦ ያለው በዕፅዋት ጥበቃ፤ ነቀምት ራሷ የአፈር ምርምር ማዕከል አላት። ሁሉም የተቋቋሙት ለሚበላ ሰብል ነው፣ አይፈረድባቸውም። የዝዋይና የሆለታ ጽጌረዳ እርሻዎች ደግሞ የራሳቸው ባለሙያ አላቸው። በመሀል የቀረው በዘይት ጣሳ ማሪጎልድ የሚያበቅለው የከተማ ሰው ነው። እሱ ያለው አማካሪ የግብርና መድኃኒት መደብር ሻጭ ብቻ ነው።

እዚያ የሚደረገው ንግግር አጭር ነው። “የአበባ መድኃኒት አለ?” “አለ።” ሻጩ ምን ዓይነት አበባ እንደሆነ፣ ምን እንደታየበት፣ ከላይ ይጀምር ከታች አይጠይቅም። ገዢውም የታመመውን ቅጠል ይዞ አልመጣም። ማንኮዜብ፣ ሪዶሚል ወይም ማላታይን ይሰጠዋል፤ የቸኮለው ሦስቱንም ቀላቅሎ ይረጫል። ማንኮዜብ ቅጠል ላይ ተለጥፎ ሻጋታ እንዳይገባ የሚከላከል እንጂ የገባውን የሚያድን አይደለም፤ በነሐሴ ዝናብ ደግሞ በማግስቱ ይታጠባል። ሪዶሚል እንደ ድንች ምች ላሉት እርጥበት ወዳድ በሽታዎች የተሠራ ነው። ማላታይን ነፍሳት ይገድላል፣ ንቧንም ጨምሮ። ባክቴሪያንና ቫይረስን የሚገድል ከሦስቱ አንድም የለም። የመምህርቷ ፔቱኒያ ሦስቱንም ቢጠጣ ኖሮ በዚያው ጥግ፣ በዚያው ሳምንት ይሞት ነበር።

አንዱን ነቅሎ ማየት

ለአንድ ዓመት ብቻ የሚኖር አበባ ከጽጌረዳም ሆነ ከቡና የሚለይበት ነገር አለ። ዕድሜው ጥቂት ወራት ነው። ታክሞ እስኪድን ወቅቱ ያልፋል። ስለዚህ ሕክምናው በአብዛኛው ለታመመው ሳይሆን ለጎረቤቱና ለመጪው ዓመት ዘር የሚደረግ ነው። አንዱን ሠውቶ ሃያውን ማትረፍ ይቻላል፤ ይህን ከተቀበሉ ምርመራው ቀላል ይሆናል። በጣም የታመመውን መርጦ በአካፋ ከነአፈሩ ማንሳትና ሥሩን በውሃ አጥቦ ማየት ነው።

ጤነኛ ሥር ነጭ ወይም ክሬም ቀለም ያለው፣ ሲነኩት ጠንካራ ነው። ቡናማ ሆኖ፣ በሁለት ጣት ሲስቡት ልጡ ወልቆ ውስጡ ያለው ጭራ ብቻ እጅ ላይ ከቀረ ሥሩ በስብሷል። ብዙውን ጊዜ ይሸታልም። ይህ የውሃ መብዛት በሽታ ነው። ነቀምት ላይ ከሐምሌ እስከ መስከረም ከሚሞቱት የጣሳ አበቦች ብዙዎቹን የሚገድለው እሱ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ጣሳውን ከታች የሚበሳ ሰው ጥቂት ነው። የላይኛው ቅጠል ሲጠወልግ ባለቤቱ ውሃ ይጨምራል፣ ሥሩ የባሰ ይታፈናል። ጣትን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ አስገብቶ እርጥበቱን ማየት ብዙ አበባ ያተርፋል።

ገና የበቀለ ችግኝ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቀጥኖና ጠቁሮ ከወደቀ ደግሞ የዚሁ በሽታ ዘመድ ነው። እርጥብ አፈር ውስጥ የሚኖሩ ሻጋታ መሰል ተሕዋስያን ናቸው። የወደቀው አይነሳም። የሚቀጥለውን ዘር የፈላ ውሃ ፈስሶበት በቀዘቀዘ አፈር ላይ፣ አራርቆ፣ ከላዩ ስስ አሸዋ በትኖ መዝራት ይሻላል። ከመደብ የተዛቀ ጥሬ አፈርና ያልበሰበሰ ፍግ ለችግኝ አይሆንም።

ሥሩ ላይ ትናንሽ እብጠቶች ተደርድረው ከታዩ ዓይን የማያያቸው የሥር ትሎች ናቸው፤ ኔማቶድ ይባላሉ። እዚህ ላይ አበባ ራሱ መድኃኒት ይሆናል። የማሪጎልድ ሥር የሚያመነጨው ቅመም እነዚህን ትሎች ይጎዳቸዋል። መደቡን ሙሉ ለአንድ ወቅት ማሪጎልድ ጥቅጥቅ አድርጎ መትከል በብዙ አገር የታወቀ ዘዴ ነው። በየመሀሉ አንድ አንድ እግር መሰካት ግን ብዙም አይረዳም።

ከነጆ አልፎ ወደ መንዲ ሲወርዱ ሌላ ጠላት ይመጣል። ምዕራብ ወለጋ በምስጥ ይታወቃል፤ የቤት ምሰሶ ሳይቀር ይበላል። አበባው በአንድ ቀን ወድቆ ሲነቅሉት ሥር ከሌለው፣ ግንዱ ውስጥ አፈር ከተሞላ ወይም ከላዩ የጭቃ ቅርፊት ከለበሰ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። የደረቀ አገዳና ጭራሮ መደቡ ላይ አለመተው፣ በቅርብ ያለውን ኩይሳ ቆፍሮ ንግሥቲቱን ማውጣት በአካባቢው የቆየ ሥራ ነው። አበባው በጠዋት ከመሬት ጋር ተቆርጦ ከተገኘ ግን ምስጥን አትውቀሱ። ከግንዱ ዙሪያ ያለውን አፈር በጣት ጫር ሲያደርጉት ተጠቅልሎ የተኛ ግራጫ ትል ታገኛላችሁ። ቆራጭ ትል ነው፤ መድኃኒቱ እግር ነው።

ቀይ አፈር፣ ወይን ጠጅ ቅጠል

አንዲት ችግኝ ሻጭ፣ “ደንበኞቼ ከአዲስ አበባ ያመጡት ዘር እዚህ ሲዘራ ድንክ ይሆናል፤ ዘሩን ይሰድባሉ” ትላለች። ዘሩ ላይሆን ይችላል። የነቀምትና የአካባቢዋ ቀይ አፈር ብዙ ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን አጥቦ የወሰደበት አሲዳማ አፈር ነው። በነጆ በኩል ያለው ደግሞ ከጠንካሮቹ ይቆጠራል። እንዲህ ያለ አፈር ውስጥ ያለው ብረትና አሉሚኒየም ፎስፈረሱን ይዞ ለተክሉ አይለቅለትም። አበባው አይሞትም፤ አያድግም። የታችኛው ቅጠሉ ከጀርባው ወይን ጠጅ ይመስላል፣ እንቡጡም ያንሳል። እንደ ሻምቡ ባለ ደጋ ከተማ ብርድ ብቻውን ይህን ቀለም ያመጣል፤ ስለዚህ ፀሐይ ከበረታ በኋላ ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ ቆይቶ ማየት ያሻል።

ገበሬው ለዚህ ኖራ ይበትናል። ለደጃፍ መደብ ጥሩ የተነፋ የእንጨት አመድ ይበቃል። ለአንድ ካሬ ሜትር ሁለት እፍኝ ያህል፣ ከመትከል ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ከአፈሩ ጋር ማደባለቅ ነው። ዝናብ ሲደበድበው የከረመ አመድ ጉልበት የለውም። ከሁለት እፍኝ በላይ ማብዛትም ያቃጥላል። ከአመዱ ጋር የበሰበሰ ብስባሽ ካልገባ ግን ውጤቱ ግማሽ ነው።

የብዙ ሰው ስህተት ከዚህ በተቃራኒ ነው። ለበቆሎ ከተገዛው የተረፈውን ዩሪያ አበባው ሥር ይበትናል። ዩሪያ ናይትሮጅን ነው። የታችኛው ቅጠል በእኩል ቢጫ ሆኖ ሲረግፍ ጥቂቱ ይጠቅማል። አበባው ካልተራበ ግን ቅጠሉ ይወፍራል፣ ይለሰልሳል፣ አበባ ይቀንሳል፤ ለስላሳው ቅጠል ክሽክሽ ይጠራል። የቅጠሉ ጠርዝ ተቃጥሎ ቡናማ ከሆነም ማዳበሪያው በዝቷል ማለት ነው።

> “ዘሩን ይሰድባሉ” ትላለች ችግኝ ሻጯ። አፈሩን የሚጠረጥር ጥቂት ነው።

አንድ በሽታ የሚመስል ነገር ደግሞ ከማሳ በጀርባ ታዝሎ ይመጣል። ሐምሌና ነሐሴ ጤፍ ላይ ቱ ፎር ዲ የተረጨበት መርጫ፣ በውሃ ለቅለቅ ተደርጎ፣ አበባ ላይ ማላታይን ይረጭበታል። በማግስቱ የአበባው አንገት ይጠማዘዛል፣ አዲሱ ቅጠል ይጠብና ይጠቀለላል። ቱ ፎር ዲ ቅጠለ ሰፊ አረምን እንዲገድል የተሠራ ነው፤ ለእሱ ዚኒያም ሱፍም አረም ናቸው። የፕላስቲክ መርጫ በአንድ ውሃ አይጠራም። ለአረም መድኃኒት የዋለ መርጫ ለአበባ አይዋል፣ በቃ።

ነጭ ዱቄት፣ ነጭ ወረቀት

ዝናቡ ሲያበቃና ቀኑ ደረቅ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛና ጤዛማ ሲሆን ዚኒያ ቅጠል ላይ ነጭ ዱቄት ይወጣል። ብዙ ሰው የመንገድ አቧራ ነው ብሎ ይተወዋል፤ የነቀምት አቧራ ግን ቀይ ነው። በጣት ሲያብሱት ተነስቶ፣ ከሦስት ቀን በኋላ እዚያው ቦታ ከተመለሰ ሻጋታ ነው። ከሌሎቹ የሚለየው ዝናብ የማይፈልግ መሆኑ ነው፤ ተጠጋግቶ የተተከለና ነፋስ የማያገኝ መደብ ይመቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 ቤቲዮል የተባለ ብራዚላዊ ተመራማሪ በውሃ የቀጠነ የላም ወተት በዙኪኒ ላይ ይህን ዱቄት እንደሚቆጣጠር አሳትሟል። አንድ እጅ ወተት ለዘጠኝ እጅ ውሃ፣ በሳምንት አንዴ፣ በጠዋት ፀሐይ። ሲጀምር ከተያዘ ይሠራል፤ መደቡ ሙሉ በሙሉ ከነጣ በኋላ ወተቱን ለቡና ቢያደርጉት ይሻላል።

ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ቅጠሉ በመርፌ የተወጋ መስሎ በጥቃቅን ነጥብ ቢገረጣ ከደብተር አንድ ነጭ ወረቀት ገንጥሎ ከሥሩ መያዝና ቅጠሉን መታ መታ ማድረግ ነው። ወረቀቱ ላይ የወደቀው ነጥብ መራመድ ከጀመረ ቀይ ሸረሪት ናት። ድርቅና አቧራ ትወዳለች። ማላታይን አንዳንዴ ያባብሳታል፣ የሚበሏትን ነፍሳት ስለሚገድል። የቅጠሉን ጀርባ በውሃ ግፊት በየሁለት ሦስት ቀኑ ማጠብ፣ ካልሆነም በሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና ማድረግ ለእሷም ለክሽክሽም ይሠራል። ሳሙና የነካውን ብቻ ነው የሚገድለው፤ ከላይ ከላይ ረጭቶ መሄድ ዋጋ የለውም። በቀትር ፀሐይ አይረጭም። የልብስ ዱቄት ሳሙና ቅጠል ያቃጥላል።

ቅጠሉ አረንጓዴና ቢጫ ሆኖ ከተዥጎረጎረ፣ አበባውም ከተጨማደደ ቫይረስ ሊሆን ይችላል። ነቅሎ ማስወገድ እንጂ ሌላ የለውም። በዓለም መጀመሪያ የታወቀው ቫይረስ የትምባሆ ቫይረስ ነው። ሩሲያዊው ኢቫኖቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1892 ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ ውስጥ ማለፉን አሳየ። ይኸው ቫይረስ ዛሬም በሲጋራ አጫሽ ጣት ፔቱኒያ ላይ ይደርሳል። አጫሽ አትክልተኛ እጁን በሳሙና ይታጠብ።

ቅጠል የሚበላውን ቀንድ አውጣ ደግሞ ማታ በባትሪ እየፈለጉ መልቀም ነው። አመድ መበተን ለደረቅ ምሽት ይሆናል፤ ለነሐሴ አይሆንም።

ስለ ውሃ አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍም። የወለጋ ክረምት ቅጠልን ለወራት ስለሚያረጥብ ክብ ክብ ቡናማ ነጠብጣብ ዚኒያና ማሪጎልድ ላይ የተለመደ ነው። ያንን መከልከል አይቻልም፤ አራርቆ መትከልና የተነጠበውን ቅጠል ቀጥፎ ማቃጠል ይቻላል። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ግን ማታ ማታ ከላይ በጆግ የሚያፈስ ሰው ክረምቱን በገዛ እጁ ያራዝማል። ውሃ በጠዋት፣ ከሥር።

የለስላሳ ጠርሙስ

በየገበያው መድኃኒት እየተቀነሰ በለስላሳና በውሃ ጠርሙስ ይሸጣል። ስም የለው፣ መጠን የለው። የደጃፍ አበባ ልጆች የሚጫወቱበት፣ ዶሮ የሚጭርበት፣ ከጎኑ ጎመን የሚቀጠፍበት ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ሕጉ አለ፤ ጠርሙሱም አለ። እስከማየው ድረስ ለደጃፍ አበባ የኬሚካል ርጭት የግድ የሚሆንበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። ለጥቂት ወራት ዕድሜ ላለው ማሪጎልድ ሲባል ስሙ የማይታወቅ መርዝ ቤት ማስገባት ደግሞ ጭራሽ አያዋጣም።

የታመመ ሳይሆን ያረጀ

ኅዳር ላይ ችግኝ ሻጮች የሚሰሙት ትልቁ ቅሬታ፣ “አበባዬ ሁሉ አንድ ላይ ደረቀ” የሚል ነው። ይህ በሽታ አይደለም። አደይ አበባ በክረምቱ በቅላ፣ መስከረምን አብባ፣ ዘሯን በትና ትደርቃለች፤ ታመመች የሚል ሰው ሰምተን አናውቅም። ዚኒያ፣ ኮስሞስና ማሪጎልድም እንዲሁ ናቸው። ዘር ከቋጠሩ ሥራቸውን ጨርሰዋል። መደቡ ሁሉ በእኩል፣ ከታች ወደ ላይ፣ ዘሩ ጠንክሮ ሳለ ከደረቀ ዕድሜ ነው፤ ከአንድ ጥግ ጀምሮ፣ እንቡጡ ሳይከፈት ከጠወለገ በሽታ ነው። ዕድሜውን ማራዘም የፈለገ ያረጀውን አበባ ዘር ሳይቋጥር በየጊዜው ይቅጠፍ፤ ተክሉ እንደገና ይሞክራል።

መምህርቷ የታመመውን ጥግ አስነቅለው አቃጠሉ። በቦታው በሚቀጥለው ክረምት ማሪጎልድ ሊሞክሩ አስበዋል። የተረፈውን የፔቱኒያ ዘር ግን ለማንም አልሰጡም፤ ጎረቤታቸው ጠይቀው “ዘንድሮ ይቅር፣ አዴ” ተብለዋል።

በወለጋ ከተሞች የአበባ ዘር የሚሸጠው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ከአጥር አጥር በልመናና በስጦታ ይዞራል። የዚኒያ ቅጠል ነጠብጣብን ከሚያመጡት አንዱ ሻጋታ በዘር ይተላለፋል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ኅዳር ላይ ዘር ስትለቅሙ ከጤነኛው እግር ብቻ ልቀሙ። በላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ጠቅልሉት። ለጎረቤት ስትሰጡም መደባችሁ ዘንድሮ ምን እንደገጠመው አብራችሁ ንገሩ።